ዶክትሬትም ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው፦ ለአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የዩኒቨርሲቲ ምርምር ሥራ አፈላለግ

የአማርኛ ኪቦርድ የሠራ፣ ፊደል አራሚ የሞከረ ወይም የድሮ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም የጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን እንደ ትርፍ ሰዓት ጨዋታ ነው የሚያየው። እንጀራው ሌላ ቦታ ነው፤ የሰው ድረ ገጽ መጠገን፣ ዕቃ ማድረስ፣ መጋዘን ውስጥ መሥራት ወይም ታክሲ መንዳት። ሆኖም እሱ ማታ ማታ የሚሠራውን ነገር ቀን ቀን በወር ደመወዝ የሚያሠሩ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች አሉ። ብዙዎቻችን የማናመለክተው ችሎታ አንሶን ሳይሆን ማስታወቂያው የት እንደሚወጣና ምን እያለ እንደሆነ ስለማናውቅ ነው። ሌሎች ደግሞ በነጻ ለሚገባ ማመልከቻ ለደላላ ገንዘብ ይከፍላሉ።

በዚህ ጽሑፍ ሥራዎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ የት እንደሚገኙ፣ በአማርኛ ላይ የሠራችሁት ነገር እንዴት ማስረጃ እንደሚሆንና ከእኛ ስምና ሰነድ ጋር የሚመጡ ችግሮች እንዴት እንደሚፈቱ እናያለን።

ትምህርት ነው ወይስ ሥራ?

ዶክትሬት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን የመግቢያ ፈተና፣ የትምህርት ክፍያና ስኮላርሺፕ ነው። በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ ግን ብዙው የዶክትሬት ቦታ የሥራ ውል ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትወዳደራላችሁ፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፣ ካለፋችሁ ውል ትፈርማላችሁ። ከደመወዙ ግብር ይቆረጣል፤ የዓመት ዕረፍትም አለው።

በጀርመን ይህ ሠራተኛ «ቪሰንሻፍትሊሸር ሚትአርባይተር» ይባላል፤ የሳይንስ ሠራተኛ እንደማለት ነው። ደመወዙ በግል ድርድር አይወሰንም፤ የክፍላተ አገሩ የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስምምነት አለ። በማስታወቂያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ቲቪ-ኤል ኢ13» የሚል ታያላችሁ። ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ጀማሪ ከግብር በፊት በወር ከ4,500 ዩሮ በላይ ያገኛል። ከጎኑ የተጻፈውን መቶኛ ግን አትለፉት፤ 50፣ 65፣ 75 ወይም 100 ሊሆን ይችላል፣ ደመወዙም በዚያው ልክ ነው። በጀርመን ሕግ መሠረት ከዶክትሬት በፊት በጊዜያዊ የምርምር ውል መቆየት የሚቻለው በመደበኛነት እስከ 6 ዓመት ነው፤ ከዶክትሬት በኋላ ደግሞ ሌላ 6 ዓመት አለ።

በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ውል በተለምዶ 4 ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ከግብር በፊት በወር ወደ 3,000 ዩሮ ይጠጋል። በስዊድን የ4 ዓመት ጥናት ነው፤ እስከ 20 በመቶ የሚሆን የማስተማር ወይም የክፍሉ ሥራ ከተጨመረበት ወደ 5 ዓመት ይረዝማል። በኖርዌይ 3 ዓመት ወይም 25 በመቶ ተጨማሪ ሥራ ያለበት 4 ዓመት ነው።

እንግሊዝ ከዚህ ትለያለች። እዚያ የዶክትሬት ተማሪ ብዙ ጊዜ ሠራተኛ ሳይሆን ከግብር ነጻ የሆነ የኑሮ ድጎማ ተቀባይ ነው። የመንግሥት የምርምር ድርጅት የሆነው ዩኬአርአይ ለ2025/26 የትምህርት ዘመን ያወጣው ዝቅተኛ ድጎማ በዓመት 20,780 ፓውንድ ነው። በአሜሪካ ደግሞ የዶክትሬት ተማሪ በትምህርት ቤት በኩል ይገባና በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እየሠራ ክፍያው ይሸፈንለታል፤ የወር ገንዘብም ያገኛል። የማመልከቻው ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በአብዛኛው በዲሴምበር ወር ይዘጋል።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁም በር አለ። በሳዑዲ ዓረቢያ ከጅዳ በስተሰሜን ቱወል ላይ ያለው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ካውስት፣ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። ከ3 እስከ 6 ወር የሚቆይ የእንግዳ ተማሪዎች የምርምር ፕሮግራምም አለው። አቡ ዳቢ የሚገኘው መሐመድ ቢን ዛይድ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ክፍል አለው። ዶሃ ያለው የኳታር የኮምፒውቲንግ ምርምር ተቋም በዓረብኛ ቋንቋ ሥራው የታወቀ ነው። ዓረብኛ ደግሞ የአማርኛ የቋንቋ ዘመድ ነው፤ ከሥር ፊደላት ቃል የሚያበዛ ቋንቋ ላይ የሠራ ክፍል የእኛን ችግር ለመረዳት ሩቅ አይደለም።

ያለ ዶክትሬትም ይሠራል

ብዙ ሰው የምርምር ሥራ ለዶክተሮች ብቻ የተያዘ ይመስለዋል። አይደለም። ማስታወቂያ ስታነቡ የሚከተሉትን ስሞች ለዩ።

የተማሪ ረዳት፦ ጀርመን ውስጥ «ሂቪ» ይሉታል። በዩኒቨርሲቲው ተመዝግቦ ለሚማር ሰው በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ነው። ብዙ የዶክትሬት ቦታ የሚገኘው በዚህ በኩል ነው፤ ፕሮፌሰሩ ሥራችሁን አይቶታልና።

ሪሰርች አሲስታንት፦ በአሜሪካና በእንግሊዝ በባችለር ወይም በማስተርስ የሚያዝ የሙሉ ጊዜ ሥራ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ «ፕሪዶክ» የሚባሉት የ1 ወይም የ2 ዓመት ቦታዎች ከዶክትሬት በፊት ልምድ ለማግኘት የተዘጋጁ ናቸው።

ሪሰርች ሶፍትዌር ኢንጂነር፦ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ምናልባት ከሁሉም የቀረበው ይህ ነው። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር በትክክል የሚጽፍ፣ የሚፈትሽና የሚያቆይ ሠራተኛ ነው። ስሙ በእንግሊዝ በ2012 ወጥቶ ዛሬ በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በአሜሪካ የራሱ ማኅበራት አሉት፤ ማኅበራቱም ክፍት ቦታዎችን ያሳውቃሉ። የታተመ ጽሑፍ ሳይኖር በጥሩ ኮድና በጥሩ የሥራ ልምድ መወዳደር የሚቻልበት ቦታ ነው።

ፖስትዶክ፦ ዶክትሬት ለጨረሰ ሰው የሚሰጥ ጊዜያዊ የምርምር ውል ነው።

አሜሪካ ላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሙሉ ጊዜ ሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ቅናሽ ወይም ድጋፍ ይሰጣሉ። ባችለር ይዞ በላቦራቶሪ ፕሮግራመርነት የገባ ሰው እየሠራ ማስተርስ መማር ይችል ይሆናል። ስለዚህ የሥራ ማስታወቂያውን ስታዩ የጥቅማ ጥቅም ገጹንም ክፈቱ።

ማስታወቂያው የሚወጣው የት ነው?

ሊንክድኢን ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። አገር በአገር የታወቁ ቦታዎች አሉ፤ ለእንግሊዝ «ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ»፣ ለኔዘርላንድስ «አካደሚክ ትራንስፈር»፣ ለኖርዌይ «ጆብኖርጌ»፣ ለመላው አውሮፓ የአውሮፓ ኅብረት የሚያስተዳድረው «ዩራክሰስ»። የስዊድንና የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በየራሳቸው የክፍት ቦታ ገጽ ያወጣሉ። ለቋንቋ ቴክኖሎጂ በተለይ «ሊንግዊስት ሊስት» እና «ኮርፖራ ሊስት» የሚባሉት የኢሜይል ዝርዝሮች ለዓመታት ማስታወቂያ ሲያመጡ ኖረዋል። ሁሉም በነጻ ናቸው።

የፍለጋ ቃሉም ወሳኝ ነው። «አማርኛ» ብላችሁ ብትፈልጉ በዓመት ጥቂት ነገር ታገኙ ይሆናል። አማርኛን የሚነካው ሥራ የሚወጣው በሌላ ስም ነው፤ «ሎው ሪሶርስ ላንጉጅስ» (ጽሑፋቸው በኮምፒውተር ላይ ትንሽ የሆነ ቋንቋዎች)፣ «መልቲሊንጉዋል»፣ «ሞርፎሎጂ»፣ «ስፒች ሪኮግኒሽን»፣ «ኦሲአር»፣ «ዲጂታል ሂዩማኒቲስ»። የመጨረሻውን አትናቁት። የግዕዝ ብራና በሚያጠኑ ክፍሎች ውስጥ ፊደሉን ከምስል የሚያነብ፣ ጽሑፉን በሥርዓት የሚያከማች ፕሮግራመር ይፈለጋል። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ከቆየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ2005 የታተመው የ20 ሰዓት የአማርኛ ንግግር ስብስብም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው።

ኮድ ለምትጽፉ ቀላል ሥራ፦ ብዙዎቹ ገጾች የኢሜይል ማሳወቂያ ወይም አርኤስኤስ አላቸው። ከላይ ያሉትን ቃላት ይዞ በቀን አንድ ጊዜ የሚያጣራ የ50 መስመር የፓይተን ፕሮግራም በአንድ ማታ ይጻፋል። ያገኛችሁትን ማስታወቂያ ወዲያው በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ቀኑ ሲያልፍ ከገጹ ይነሳል፣ ለቃለ መጠይቅ ስትዘጋጁ ግን ያስፈልጋችኋል።

ማስታወቂያውን እንደ ፈተና ጥያቄ አንብቡት

የኩባንያ የሥራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የምኞት ዝርዝር ነው። የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ግን ኮሚቴው ነጥብ የሚሰጥበት ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ ይህ በግልጽ ይታያል፤ መስፈርቶቹ «ኢሴንሻል» እና «ዲዛይረብል» ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የግድ ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ ቢኖሩ ይመረጣል የሚባሉ ናቸው። ጥሩ ማመልከቻ እያንዳንዱን መስፈርት በተራ ይዞ፣ በሥሩ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ማስረጃ ያስቀምጣል። «ፓይተን እችላለሁ» ማስረጃ አይደለም። «በፓይተን የጻፍኩት የአማርኛ ቃል ከፋፋይ እዚህ አድራሻ ላይ ነው፣ ፈተናዎቹም አብረው አሉ» ማስረጃ ነው።

የግድ ከተባሉት አንዱ ከጎደላችሁ፣ ለምሳሌ ማስተርስ ተጠይቆ ባችለር ብቻ ካላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ ራሱ አያሳልፋችሁም፤ ጊዜያችሁን ለሌላ ቦታ አውሉት። ከሚመረጡት ውስጥ ግማሹ ቢጎድል ግን አመልክቱ። በማስታወቂያው ሥር የፕሮፌሰሩ ስምና ኢሜይል ከተጻፈ፣ ለጥያቄ የተሰጠ ስለሆነ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም።

ስዊድን ውስጥ ደግሞ በብዙ አገሮች የማይገኝ ዕድል አለ። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ማመልከቻ በመርህ ደረጃ የሕዝብ ሰነድ ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ የተመረጠውን ሰው ማመልከቻ ጠይቃችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፤ አሸናፊ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። የእናንተም ማመልከቻ እንዲሁ ለሌላ ሰው ሊሰጥ እንደሚችል አስባችሁ ጻፉ።

የአማርኛ ሥራችሁን ወደ ማስረጃ መለወጥ

ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ጥያቄ ማንሳት፣ መለካትና ውጤቱን ለሌላ ሰው በሚፈተሽ መልክ ማስቀመጥ ትችሉ እንደሆነ ነው። አፕ መሥራት ብቻውን ይህን አያሳይም። ትንሽ ከተጨመረበት ግን ያሳያል።

በምሳሌ እንየው። በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንድ ዓይነት ይነበባሉ፤ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ስለዚህ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሰዎች በ12 መንገድ ሊጽፉት ይችላሉ፤ 2 ጊዜ 6። ፍለጋ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ይመልስና ችግሩ ያልቃል ይላል። እውነትም ለፍለጋ ይረዳል። ነገር ግን «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ደግሞ ማጣት። ፊደሉን ስናዋህድ ሁለቱን ቃላት አዋሐድናቸው ማለት ነው። ለመንፈሳዊ ጽሑፍ ትርጉም የሚሠራ ፕሮግራም እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ይህ ለአንድ አማርኛ አንባቢ ተራ ነገር ነው፤ ለተመራማሪ ግን ጥያቄ ነው። ፊደል ማዋሐድ የት ይጠቅማል፣ የትስ ይጎዳል? ጥያቄውን ለመመለስ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። የመጠቀም ፈቃድ ያለው ጽሑፍ ሰብስቡ። ከማዋሐድ በፊትና በኋላ ስንት የተለያዩ ቃላት እንዳሉ ቁጠሩ። 200 ዓረፍተ ነገር በእጅ መርምራችሁ ትርጉም የተምታታባቸውን ለዩ። ውጤቱን በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ ፕሮግራሙ የት እንደወደቀም ጻፉ። ኮዱን ከፈቃድ ሰነድና ከአጭር መመሪያ ጋር ጊትሃብ ላይ አውጡ። በሁለት ገጽ ሪፖርት ጨርሱት። ይህ ሁለት ገጽ አሥር ማረጋገጫ ወረቀት ከሚያሳየው በላይ ስለእናንተ ይናገራል።

ከእናንተ በፊት የተሠራውን ማወቅም የማስረጃው አካል ነው። የቋንቋ ቴክኖሎጂ ጽሑፎች በአብዛኛው «ኤሲኤል አንቶሎጂ» ላይ በነጻ ይገኛሉ። የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥራቸውና ወደ ቅጥያቸው የሚበትነው «ሆርንሞርፎ» በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የተሠራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ቃል ከፋፋይ ጻፍኩ የሚል አመልካች ሆርንሞርፎን አለማወቁ ይታወቅበታል፤ ከእሱ ጋር አወዳድሮ ቁጥር ያመጣ ደግሞ ወዲያው ይለያል።

ብቻችሁን ለመጀመር ከከበዳችሁ በቡድን ግቡ። «ማሳካኔ» በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ የሚሠራ ክፍት ማኅበረሰብ ነው። በ2021 የታተመው «ማሳካነር»፣ በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰውና የቦታ ስሞችን ለይቶ ምልክት ያደረገ ስብስብ፣ አማርኛን ይዟል፤ ከዐሥሩ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው እሱ ብቻ ነው። በዚያ ሥራ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች በጸሐፊነት ተመዝግበዋል፤ ብዙዎቹ ቋንቋቸውን በማወቃቸውና ጽሑፉ ላይ ምልክት በማድረጋቸው የገቡ ናቸው። በ2023 ደግሞ የ14 ቋንቋዎች የትዊተር ጽሑፍ ስሜት የሚለይ ውድድር ተካሂዶ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተካተዋል። «ኢትዮኤንኤልፒ» የሚባለው ቡድንም በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ላይ ያተኩራል። «አፍሪካኤንኤልፒ» የሚባለው ዓመታዊ ዐውደ ጥናት አጭር ጽሑፍ ይቀበላል፤ የመጀመሪያው በ2020 ከአይሲኤልአር ጉባኤ ጋር አዲስ አበባ ላይ ሊደረግ ታስቦ በኮሮና ምክንያት በኢንተርኔት የተካሄደው ነው።

ለፕሮፌሰር የሚላክ ኢሜይል

ማስታወቂያ ባይወጣም መጻፍ ይቻላል፤ በተለይ በጀርመን። ፕሮፌሰሮች በቀን ብዙ እንዲህ ያለ ኢሜይል ይደርሳቸዋል፣ አብዛኛውም ስሙ ተቀይሮ ለመቶ ሰው የተላከ መሆኑ ያስታውቃል። የሚነበበው አጭሩ ነው። በሐሳቡ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ባለፈው ዓመት ያወጣችሁትን ስለ አነስተኛ ጽሑፍ ቋንቋዎች የንግግር ሥራ አነበብኩ። በሠንጠረዥ 3 አማርኛ ላይ ስሕተቱ ለምን እንደበዛ ለማየት ሞከርኩ፤ ጠብቀውና ላልተው በሚነበቡ ቃላት ላይ የተከማቸ ይመስላል። የመረመርኩት 100 ምሳሌ በዚህ አድራሻ ይገኛል። የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ አለኝ፣ 3 ዓመት በሶፍትዌር ሥራ ቆይቻለሁ። ከመጪው በልግ ጀምሮ የዶክትሬት ወይም የፕሮግራመር ቦታ ይኖር እንደሆነ ልጠይቅ። ሲቪዬን አያይዣለሁ።»

ከዚህ በላይ ማርዘም፣ ማመስገን ወይም የሕይወት ታሪክ መተረክ አያስፈልግም። በእኛ ባህል ጨዋነት የሆነው ረጅም ሰላምታ እዚህ ቦታ ይፈጃል። ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ፤ መልስ ከሌለ ወደ ሌላው እለፉ።

ቃለ መጠይቅ ከተጠራችሁ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሆን ገለጻ ታቀርባላችሁ። በጣም የተለመደው ጥያቄ ምን አልሠራም፣ ለምንስ አልሠራም የሚል ነው። የወደቀውን ሙከራ መደበቅ አይጠቅምም፤ በጽሞና ያስረዳ ሰው ነጥብ ያገኛል።

ስም፣ ዘመንና ሰነድ

እኛን ለይተው የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። የማመልከቻ ሥርዓቱ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የአባት ስም ነው። ፓስፖርቱ የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲያስገባ ዲግሪው የአባትን ይይዛል። «ጸ»ን አንዱ ሰነድ በሁለት የላቲን ፊደል ይጽፈዋል፣ ሌላው በአንድ። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ ቢቻል የፓስፖርቱን፣ በሲቪ፣ በጊትሃብና በሚታተም ጽሑፍ ሁሉ መያዝ ነው። «ኦርኪድ» የሚባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ በነጻ ይሰጣል፤ የስማችሁን ሌሎች አጻጻፎችም መመዝገብ ይቻልበታል።

ሁለተኛው ዘመን ነው። በ2010 ዓ.ም. ተመረቅሁ የሚል ወረቀት ለውጭ አንባቢ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያመጣል። በሲቪ ላይ ሁሉንም በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉና ሰነዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በአንድ መስመር አስረዱ።

ሦስተኛው የዲግሪ ዕውቅና ነው። ጀርመን «አናቢን» በሚባል የመረጃ ቋት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ ታሳያለች፤ ከማመልከታችሁ በፊት የተማራችሁበትን ቦታ ፈልጉት። በስደት ወጥተው ሰነዳቸው የቀረባቸው ሰዎች ደግሞ የአውሮፓ ምክር ቤት የሚያስተባብረውን የስደተኞች የትምህርት ፓስፖርት መጠየቅ ይችላሉ። ባለው ሰነድና በቃለ መጠይቅ ተመሥርቶ ትምህርታችሁን ይገልጻል፤ ዲግሪውን ግን አይተካም።

አራተኛው ምስክር ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይጠየቃል። አንዳንድ ሥርዓቶች የተቋም ኢሜይል ብቻ ስለሚቀበሉ፣ አገር ቤት ያለ መምህራችሁ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል የሚሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከነማስታወቂያው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አሳውቋቸው።

በመጨረሻም ሲቪው ውስጥ የአማርኛ ናሙና ካስገባችሁ ፎንቱ በፒዲኤፉ ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ። የግዕዝ ፎንት በሌለው ማሽን ላይ ከፍታችሁ እዩት። ስለ አማርኛ ሶፍትዌር የሚያወራ ሲቪ ባዶ ሣጥን ይዞ ሲከፈት መልካም አይደለም።

ቀንና ገንዘብ

የአውሮፓ ኅብረት በ«ማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ» ስም የሚሰጣቸው የዶክትሬት መረቦች ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ናቸው፤ ክፍያቸውም ጥሩ ነው። አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አላቸው። ከመቀጠራችሁ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀጣሪው ቦታ አገር ከ12 ወር በላይ መኖር ወይም መሥራት አይፈቀድም። ስለዚህ ላለፉት ሁለት ዓመታት ፍራንክፈርት የኖረ ሰው ጀርመን ያለውን ቦታ አያገኝም፤ ፕራግ ወይም ደልፍት ያለውን ግን መወዳደር ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በጄኔቫ ስምምነት መሠረት የስደተኝነት ጥያቄ ሲታይ የቆየበት ጊዜ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ጥያቄያችሁ 20 ወር ከወሰደ ያ 20 ወር አይቆጠርባችሁም። አስቀድማችሁ ደምሩት።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከኤች-1ቢ ቪዛ ዓመታዊ ኮታ ውጭ ናቸው፤ ስለዚህ የኩባንያ ሠራተኛ የሚገባበት ዕጣ አይመለከታቸውም። በሴፕቴምበር 2025 ግን ከአገር ውጭ ላሉ አዲስ ተቀጣሪዎች 100,000 ዶላር የሚጠይቅ አዋጅ ስለወጣ፣ ከውጭ የምታመለክቱ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ዜጎች ቢሮ ጠይቁ። ግሪን ካርድ ላለው ይህ ሁሉ አያሳስብም።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ሕጉ አጭር ነው። ለሥራ ማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ አይደለም። የአሜሪካ የዶክትሬት መግቢያ ብዙ ጊዜ የማመልከቻ ክፍያ አለው፤ እሱም በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ይከፈላል፣ ለተቸገረም ብዙ ቦታ ይቀራል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ መጥቶ «ቦታ አስይዝላችኋለሁ» የሚል ሰው የሚያስይዘው ቦታ የለውም። የቅጥር ደብዳቤ ከደረሳችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ገጽ ራሳችሁ ሄዳችሁ ስልኩን ፈልጉና ደውሉ፤ በደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ አትጠቀሙ። «ብላክ ኢን ኤአይ» የሚባለው ድርጅት ለጥቁር አመልካቾች ማመልከቻ በነጻ የማገዝ ፕሮግራም ሲሰጥ ቆይቷል፤ ለደላላ ከመክፈል በፊት እንዲህ ያለውን እዩ።

ከየት ይጀመር?

በመጀመሪያው ሳምንት የማሳወቂያ ኢሜይሎችን ክፈቱ፣ ኦርኪድ አውጡ፣ ስማችሁን አንድ አድርጉ። በሚቀጥለው ወር ከሠራችሁት የአማርኛ ሥራ አንዱን መርጣችሁ ጥያቄ፣ መለኪያና ሁለት ገጽ ሪፖርት ጨምሩበት። ከዚያ አምስት ማስታወቂያ መርጣችሁ በእያንዳንዱ መስፈርት ልክ አመልክቱ። ለመጀመሪያዎቹ «አይሆንም» የሚል መልስ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው ይወዳደራልና። ለአንዱ ያዘጋጃችሁት ማስረጃ ግን ለሚቀጥለው ይሠራል። ሪፖርቱ፣ ኮዱና የተመረመሩት 200 ዓረፍተ ነገሮች ሥራውን ብታገኙም ባታገኙም ለአማርኛ ይቀራሉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም ሰው ከዚያው ይጀምራል።